ተከራይ መጋዘን ጣሪያ ላይ የሚተክለው የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የማን ነው?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በሊዝ በያዝኩት መሬት ላይ ከአራት ዓመት በፊት ያስገነባሁት 1,200 ካሬ ሜትር መጋዘን አለኝ። መጋዘኑን ለባንክ በመያዣነት ሰጥቼ ተበድሬበታለሁ፤ ብድሩ ገና አላለቀም። አሁን የኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚገጣጥም ድርጅት ለ7 ዓመት ሊከራየኝ ይፈልጋል። በራሱ ወጪ ጣሪያው ላይ 100 ኪሎዋት የፀሐይ ፓኔል፣ ውስጥ ደግሞ ባትሪ መትከል እንደሚፈልግ ነግሮኛል። ውሉ ሲያልቅ መሣሪያው የማን ይሆናል? ባንኩስ ይነካዋል? የሚተርፈውን ኃይል አጠገባችን ላለው ዳቦ ቤት መሸጥ ይቻላል? ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሌሎቹ ጥያቄዎች የሚንጠለጠሉት በመጀመሪያው ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ተከራይዎ “ገንዘቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ንብረቱም የእኔ ነው” ብሎ እንደሚያስብ አልጠራጠርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በከፋዩ ማንነት ብቻ አይወስንም። ዕቃው ከሕንፃው ጋር እንዴት ተያያዘ፣ ለምን አገልግሎት ተመደበ፣ በጽሑፍ ምን ተባለ፣ ጽሑፉስ መቼ ተደረገ የሚሉትን ያያል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጨረሻው ላይ ነው።

በሕጉ ቁጥር 1132 መሠረት ከአንድ ነገር ጋር በአካል የተያያዘና ያንን ነገር ሳያፈርስ ወይም ሳያበላሽ ሊለይ የማይችል ዕቃ የዚያ ነገር አካል ሆኖ ይቆጠራል። ውጤቱን የምናገኘው ቁጥር 1134 ላይ ነው፤ የሌላ ነገር አካል የሆነ ዕቃ ራሱን ችሎ መኖሩ ያበቃል፣ ሌሎች ሰዎች በዕቃው ላይ የነበራቸው መብትም አብሮ ይቀራል። ለቀድሞው ባለመብት የሚተርፈው በጉዳት ኃላፊነት ወይም ያላግባብ በመበልጸግ ገንዘብ መጠየቅ ብቻ ነው።

ይህን ወደ ጣሪያዎ እናምጣው። ፓኔሎቹ በአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ በማቀፊያና በብሎን ከታሰሩ፣ ብሎኑ ሲፈታ ፓኔሉም ቆርቆሮውም ደህና ስለሆኑ የሕንፃው አካል አይሆኑም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኢንቨርተርም (የፓኔሉን ኃይል ወደ ተለመደው የመብራት ኃይል የሚቀይረው መሣሪያ) እንደዚያው ነው። ቆርቆሮው ተነሥቶ ፓኔሉ ራሱ ክዳን ሆኖ ከተገጠመ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፓኔሉ ሲነሳ ሕንፃው ጣሪያ አልባ ስለሚቀር የእርስዎ ሕንፃ አካል ይሆናል። በግድግዳና በወለል ውስጥ የተቀበረ የኬብል ቱቦ፣ ለባትሪ ክፍል የተሠራ የብሎኬት ግድግዳ፣ ለማከፋፈያ ሳጥን የተሞላ የኮንክሪት መደብም ወደ እርስዎ ያደላሉ። ተከራይዎ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ወጪውን በኪራዩ ድርድር ውስጥ ያስገባዋል፣ በኋላም አይጣሉም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የበለጠ አከራካሪ ነው። ቁጥር 1136 ባለቤቱ ወይም ባለይዞታው ለአንድ ነገር አገልግሎት በቋሚነት የመደበውን ዕቃ የዚያ ነገር ተጨማሪ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጥርጣሬ ባለ ጊዜ ደግሞ ዋናውን ነገር የሚመለከት ውል ተጨማሪውንም ይጠቀልላል (ቁጥር 1135)። ለ7 ዓመት ብቻ የተከለ ተከራይ “በቋሚነት መደበ” ይባላል ወይ? እኔ አይባልም ባይ ነኝ። ሆኖም 25 ዓመት የሚያገለግል ፓኔል ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ ያየ ገዢ ወይም ባንክ ተቃራኒውን ሊከራከር ይችላል፣ ክርክሩም ባዶ አይደለም።

ሕጉ ለዚህ መውጫ አበጅቷል። በቁጥር 1138 መሠረት ዕቃው ለሕንፃው አገልግሎት መመደቡ ብቻውን የሌላን ሰው መብት አያጠፋም፤ ነገር ግን መብቱ ቅን ልቦና ባለው ሦስተኛ ወገን ላይ የሚጸናው ዕቃው ከመመደቡ በፊት ቀን ባለው የጽሑፍ ሰነድ ላይ ከሰፈረ ነው። ሐዲዱ ታስሮ ካለቀ በኋላ የተፈረመ ውል በእርስዎና በተከራዩ መካከል ይሠራል፤ ሕንፃውን በገዛው ሰው ፊት ግን ጉልበት ያጣል። የመጀመሪያው ብሎን ከመጥበቁ በፊት ፊርማውም ማኅተሙም ይለቅ። ሁለታችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ የጻፋችሁት ቀን “ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈ ነው” ለሚል ክስ ስለሚጋለጥ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቢፈረም ይሻላል።

አንቀጹ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ “በአባሪ 1 በመለያ ቁጥር የተዘረዘሩት የፀሐይ ፓኔሎች፣ ሐዲዶች፣ ኢንቨርተሮችና ባትሪዎች የተከራዩ ተንቀሳቃሽ ንብረት ናቸው፤ በመተከላቸው የሕንፃው አካል ወይም ተጨማሪ አይሆኑም። በአባሪ 2 የተዘረዘሩት ቱቦዎች፣ ግድግዳዎችና መደቦች ከተሠሩበት ጊዜ ጀምሮ የአከራዩ ናቸው፤ ተከራዩ ስለእነርሱ ካሳ አይጠይቅም።” ከአንቀጹ ይልቅ አባሪዎቹ ዋጋ አላቸው። እያንዳንዱ ፓኔል ጀርባው ላይ መለያ ቁጥር አለው፤ ሲራገፍ ተመዝግቦ ከሰነዱ ጋር ይያያዝ። “100 ኪሎዋት የፀሐይ ኃይል” ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው የትኛው ፓኔል የማን እንደሆነ በኋላ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ወደ ባንኩ እንሂድ። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ዕዳው በወቅቱ ካልተከፈለ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሐራጅ የወጣው መጋዘን ከነፓኔሉ ከሆነ ተከራዩ ለማስረዳት የሚኖረው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ለባንኩ በጽሑፍ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ለረጅም ጊዜ ኪራዩና ለተከላው ፈቃድ ይስጥዎ። የብድር ውልዎን ያውጡና ያንብቡ፤ በመያዣ የተያዘ ሕንፃን ያለ ባንኩ ስምምነት ማሻሻል ወይም ለረጅም ጊዜ ማከራየት የሚከለክል ሐረግ ብዙ ጊዜ አይጠፋበትም፣ ያንን መጣስም ብድሩን ባንዴ ተከፋይ ሊያደርገው ይችላል። ሁለተኛ፣ በአባሪ 1 ያሉት ዕቃዎች በመያዣው ውስጥ እንደማይካተቱና ሐራጅ ቢወጣ እንኳ ተከራዩ ነቅሎ ለመውሰድ 30 ቀን እንደሚኖረው ባንኩ ያረጋግጥልዎ። ባንኩ ፈቃደኛ የሚሆንበት በቂ ምክንያት አለው፦ የ7 ዓመት ኪራይ የሚከፍል አምራች ያለበት መጋዘን ከባዶው ይልቅ ብድር የመክፈል አቅም ይፈጥራል።

ይህ ደብዳቤ ለተከራይዎ ከእርስዎ ይልቅ ያስፈልገዋል። እንደ እሱ ያሉ አዳዲስ ኢንዱስትሪዎች መሬትም ሕንፃም የላቸውም፤ ለብድር የሚያስይዙት መሣሪያቸውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ፓኔሎቹን በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትናነት በብሔራዊ ባንክ በሚገኘው መዝገብ ማስመዝገብ ይቻላል። ፓኔሎቹን በካፒታል ዕቃ ኪራይ ከሚያቀርብ ድርጅት ከወሰዳቸው ደግሞ ባለቤቱ ያ ድርጅት ነው፤ ያኔ አንቀጹ ውስጥ “የተከራዩ” የሚለው ቃል ስሕተት ስለሚሆን የድርጅቱ ስም ይግባ። አበዳሪው በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ሕንፃው ላይ ያለው ባንክ ምን ይላል?” ብሎ ነው።

የኪራይ ውሉን በተመለከተ፣ ከ5 ዓመት በላይ የሚቆይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ካልተመዘገበ ሕንፃውን በሚገዛው ወይም በሌላ ሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም። አንዳንዱ ከዚህ ለመሸሽ የ5 ዓመት ውል ይፈርምና በጎን “ለ2 ዓመት ይታደሳል” የሚል ወረቀት ይለዋወጣል። ይህ ጣሪያ ላይ ገንዘቡን ለሚያፈስ ተከራይ መጥፎ ቁጠባ ነው። 7 ዓመት ተብሎ ይጻፍ፣ ይመዝገብ፣ ቅጂውም ካርታዎ ያለበት ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ገቢ ይደረግ። በነገራችን ላይ፣ ስለ ኪራይ ጭማሪ የሚወራው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤትን ብቻ ስለሚመለከት መጋዘንዎን አይነካም።

የጣሪያው ጉዳይ የመሐንዲስ ቢመስልም ሕግ አለበት። አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል 2.6 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋትና 28 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው። ለ100 ኪሎዋት 182 ፓኔል ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 470 ካሬ ሜትርና ያለ ሐዲዱ ከ5 ቶን በላይ ማለት ነው። ከነሐዲዱ በካሬ ሜትር ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይጨመራል። ቆርቆሮ ብቻ እንዲሸከም የተሰላ ትራስና ፐርሊን (ጣሪያውን የሚሸከሙት ዋና ማዕቀፎችና በላያቸው የሚጋደሙት ዘንጎች) ይህን ላይችል ይችላል፤ የጣሪያውን ጠርዝና ማዕዘን ደግሞ ንፋስ ወደ ላይ ስለሚስበው ችግሩ ክብደት ብቻ አይደለም። የስትራክቸር መሐንዲስ ከመጀመሪያው ዲዛይን ጋር አስተያይቶ የፈረመበት ስሌት ሳይኖር አይስማሙ። የግንባታ ፈቃድ የሰጠዎት መሥሪያ ቤት ለማሻሻያው የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። የፋብሪካና የዎርክሾፕ ሕንፃ በሕንፃ ሕጉ ጥብቅ ክትትል ከሚደረግባቸው ውስጥ ስለሆነ “ዕቃ ማስቀመጥ ነው እንጂ ግንባታ አይደለም” የሚለው መልስ አያዋጣም።

ሌላም አለ። መጋዘኑን የሠራልዎት ተቋራጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ውል አይጸናም። ገና 6 ዓመት አለዎት ማለት ነው። ሌላ ሰው ጣሪያውን በብዙ መቶ ቦታ ከበሳው በኋላ ግን ውሃ ቢያስገባ ወይም ትራስ ቢጎብጥ ተቋራጩ “የእኔ ሳይሆን የበሺው ጥፋት ነው” ይላል፣ እርስዎም የማስረዳት ችግር ውስጥ ይገባሉ። ከተከላው በፊት የጣሪያው ሁኔታ በፎቶና በመሐንዲስ ሪፖርት ይያዝ፣ ለተቋራጩም በጽሑፍ ይገለጽለት። ማያያዣው ከቆርቆሮው ሸለቆ ሳይሆን ከጉብታው ላይ በጎማ ማኅተም ይበሳ፤ ሸለቆ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ውሃ የሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። ተካዩ ድርጅት ለፍሳሽ ቢያንስ የሁለት ክረምት ዋስትና ይስጥ።

ኃይል ስለመሸጥ፣ መልሴ አጭር ነው፦ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ተከራዩ በራሱ መሣሪያ አመንጭቶ ራሱ መጠቀሙ አንድ ነገር ነው፤ ለንግድ ማመንጨትና መሸጥ ግን በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል፣ የሚጠየቀውም የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ወደ ዳቦ ቤቱ የሚዘረጋ ኬብል ማከፋፈልንም ይጨምራል። ወጥመዱ ወደ እርስዎም ይመጣል፦ ነገ መሣሪያውን ገዝተው ለሌላ ተከራይ በኪሎዋት ሰዓት ቆጥረው ቢያስከፍሉ ሻጭ ሆኑ ማለት ነው። መሣሪያውን ከሕንፃው ጋር በቋሚ ወርሃዊ ክፍያ ማከራየት የተሻለ መንገድ ነው፤ ቆጣሪ አንብቦ ሒሳቡን ከፍ ዝቅ ማድረግ ከተጀመረ ግን ስሙን መቀየር አያድንም።

ተከላው ከመስመሩ ጋር ከተገናኘ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በጽሑፍ ይወቀው። መብራት ሲጠፋ ራሱን የማያቋርጥ ኢንቨርተር ወደ መስመሩ ኃይል ይልክና የጥገና ሠራተኛ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ኢንቨርተሩ መስመሩ ሲሞት ራሱን የሚያጠፋ እንዲሆንና ወደ ውጭ የሚልከው በዜሮ እንዲገደብ ውሉ ውስጥ ይግባ። የእሳት መድን ሰጪዎም ስለ ባትሪዎቹ በጽሑፍ ካልተነገረው በጉዳት ቀን የአደጋው መጠን መጨመሩ ተደብቆኛል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ፓኔል ፀሐይ እስካለ ድረስ ኃይል ስለማያቋርጥ፣ ማቋረጫው ከመግቢያ በር አጠገብ ይሁንና ምልክት ይደረግበት።

ከዚህ ሁሉ አስቀድመው ግን የሊዝ ውልዎን ይመልከቱ። መሬቱ የተሰጠዎት ለመጋዘን ከሆነ መገጣጠም የአገልግሎት ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ለውጡን ሳያስፈቅዱ ማከራየት የኪራዩን ገቢ ሳይሆን የይዞታ መብቱን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚከፈለው ካሳ በስምዎ ስለሚመጣ፣ በአባሪ 1 ላሉት ዕቃዎች ማንሻና ማጓጓዣ የሚከፈል ካለ የተከራዩ መሆኑ ይጻፍ።

ስለ መጨረሻው ቀን፣ ለእርስዎ የግዢ ቅድሚያ ይያዙ። ለምሳሌ ዋጋው ከደረሰኙ በየዓመቱ 10 በመቶ እየተቀነሰ በ7ኛው ዓመት መጨረሻ 30 በመቶ ላይ ይደርሳል ማለት ይቻላል። ኢንቨርተርና ባትሪ ከፓኔል ቀድመው ስለሚያረጁ ለእነርሱ የተለየ፣ ፈጠን ያለ ቅናሽ ይደረግ። ካልገዙ ተከራዩ በ30 ቀን ይንቀል፣ የተበሱትን ቆርቆሮዎች በጥገና ሳይሆን በአዲስ ይቀይር፣ ያረጁ ባትሪዎችንም ግቢዎ ውስጥ አይተው፤ አደገኛ ቆሻሻ ናቸውና አወጋገዳቸው በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ይገዛል። የዋስትና ማስያዣውን ቁልፍ በተረከቡ ማግስት አይመልሱ፤ ከተነቀለ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ክረምት አልፎ ጣሪያው አለማፍሰሱ እስኪታይ በእጅዎ እንደሚቆይ ከአሁኑ ይጻፍ።