በሯ ላይ ቀይ ምልክት ለተደረገባት የደብረ ማርቆስ እህቴ፣ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብሁት። ማርቆስ ዋናው መንገድ ዳር የቀበሌ ቤት ተከራይተሽ 18 ዓመት ልብስ ሰፍተሻል፣ መንገዱ በኮሪደር ልማት ሊሰፋ ነው ተብሎ በርሽ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጓል፣ ሰው ሁሉ ደግሞ «ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ምትክ ይሰጡሻል» ይልሻል። እኔ ዝም ብዬ የጠበቅሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ረጅም ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እኔ ባህር ዳር ነኝ፣ ስራችን የሳይክል ጥገናና ኪራይ ነው። አባቴ በ1973 ነው የጀመረው፣ ቤቱም እንዳንቺው የቀበሌ ነው፣ በአዋጅ 47/67 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ። በሩ ላይ ሁሌ ውሃ የሞላች ሳፋ ነበረች፣ ካላማዳሪያውን ነፍተሽ ውሃው ውስጥ ትነክሪዋለሽ፣ አረፋ እየተንጣጣ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው ቀዳዳው፣ እሱን በአውራ ጣትሽ ይዘሽ ታደርቂውና ትለጥፊዋለሽ። እኔ ፊደል ሳልቆጥር በፊት ይሄን ነበር የምሰራው። አባቴ ሲያርፍ ተረከብሁ፣ ሁለት ልጆች አስተማርሁበት፣ በ2017 ፈረሰ።

አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ሲመረቅ ከልጆቼ ጋር በእግር ተሻግሬ አይቼዋለሁ። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ ለእግረኛና ለሳይክል መስመር ያለው ድልድይ ነው። ደስ ብሎኝ ነው የተመለስሁት፣ የሳይክል መስመር ሲሰራ እንደ ሳይክል ሰሪ ማን ይደሰታል። መንገድ ከመጣ ስራም አብሮ ይመጣል ብዬ ነበር፣ አሁንም አልተሳሳትሁም እላለሁ፣ ግን መንገዱ መጥቶ ስራው እስኪመጣ ድረስ መሀል ላይ ያለው ጊዜ ነው ሰውን የሚጥለው። ከዛ ኮሪደሩ ወደኛ መንገድ መጣ።

1. ስብሰባ ሲጠራ ራስሽ ሂጂ። እኔ ስራ በዝቶብኝ አብሮኝ የሚሰራውን ልጅ ላክሁት፣ ፈርሞ መጣ፣ ምን አሉ ስለው «ልማት ነው አሉ» አለኝ፣ በቃ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የንብረት ቆጠራው የሚካሄድበት ሳምንት ተጽፎ ነበር፣ ይሄን ያየሁት ከፈረሰ በኋላ ነው።

2. ህጉን ሌላ ሰው እንዲነግርሽ አትጠብቂ። መሬት ለህዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳ የወጣውን አዋጅ 1161/2011 የሚባለውን ፈልገሽ አንብቢ፣ በኋላም ማሻሻያ ወጥቶለታል እሱንም ጨምሪ። አሁንም የድሮውን አዋጅ 455/1997ን የሚጠቅሱልሽ ሰዎች አሉ፣ እሱ ተሽሯል። አዋጁ ተነሺው ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት እንዲነገረውና እንዲወያይበት ያዛል፣ ነገር ግን ቦታው በአስቸኳይ ከተፈለገ ጊዜው ሊያጥር ይችላል የሚልም አለበት፣ ስለዚህ ዓመት አለኝ ብለሽ እንዳትተኚ። ሌላው፣ ቤቱ የመንግስት ስለሆነ የቤቱ ካሳ አንቺን አይመለከትም፣ አንቺ የምትጠይቂው ምትክ የምትሰሪበት ቤት ወይም ቦታና የስራሽን መቋረጥ ነው። በራስሽ ገንዘብ ያሰራሽው የብረት በር፣ ሲሚንቶ ወለል፣ የመብራት ቆጣሪ ካለ ደረሰኙን ፈልጊ። ደረሰኝ ከሌለሽ የሰራልሽን ባለሙያ ከነመታወቂያው ምስክር አድርጊ።

3. የቆጠራው ቀን ሱቅሽን አትልቀቂ። ሦስት ወጣቶች ሜትርና ታብሌት ይዘው ይመጣሉ፣ በጨዋነት ነው የሚሰሩት፣ እነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ያዩትን ነው የሚጽፉት። እኛ ጋ የመጡ ቀን እኔ ዳንግላ ለቅሶ ላይ ነበርሁ። ልጁ የፊቱን ክፍል አሳያቸው። ከኋላ 3 በ4 የሆነች አባቴ ያሰራት መጋዘን አለች፣ አሮጌ ሳይክሎች፣ ጎማ፣ ፔዳል፣ ሰንሰለት የሚቀመጥባት፣ ቁልፏ እኔ ኪስ ውስጥ ዳንግላ ነበር። ወረቀቱ ላይ 1 ክፍል ተብሎ ተጻፈ። በኋላ አስተካክያታለሁ፣ እመለስበታለሁ።

4. አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ለዚህ ነው መጻፍ የጀመርሁት። የ2009ን ክረምት ታስታውሻለሽ? የቀን ገቢ ግምት የተባለው፣ ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ነጋዴው ሁሉ ግምቱ በዛብን ብሎ የጮኸበት። አንቺም ያኔ ሱቅ ላይ ነበርሽ። ለኔ በቀን 1,800 ብር ጻፉብኝ። ሀሰት ነበር፣ በደህና ቀን 600፣ ቢበዛ 700 ነው የማስገባው። ቅሬታ አስገባሁ፣ ተመላለስሁ፣ የስራዬን ሁኔታ አስረዳሁ፣ በመጨረሻ 350 ሆነልኝ። 350 ደግሞ ከእውነቱ በታች እንደሆነ አውቀው ነበር፣ አልዋሽሽም፣ ግን ዝም አልሁ። የዛን ቀን ለጎረቤቶቼ ቢራ ጋበዝሁ። ከዛ በኋላ በየሐምሌው የደረጃ ሐ፣ ማለትም የትንንሽ ነጋዴ ግብሬን ከፍዬ ደረሰኜን ግድግዳ ላይ ያለችው ሚስማር ላይ እሰካ ነበር። ካላማዳሪያው በእጥፍ በእጥፍ ሲጨምር የኔም የጥገና ዋጋ ጨመረ፣ ኪራዩም ጨመረ፣ ልጆቹም ስራ ለመዱልኝ፣ ገቢዬ አደገ፣ ፋይሌ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ከዛችው 350 ብዙም ፈቀቅ አላለም። በየዓመቱ እንደ ድል ነበር የማየው።

ከዛ ለስራ መቋረጥ የሚከፈለውን ሲያሰሉ ከየት ይነሱ? ከግብር ፋይሌ። ያችው ቁጥር በስራ ቀን ተባዝታ፣ የትርፍ ህዳግ የሚሉት ተሰልቶ፣ ለወር ሲካፈል 2 ሺህ ብር ከምናምን ሆነች። ለሁለት ሰራተኛ የምከፍለው እንኳ ከዛ በላይ ነው! ወረቀቱን ስቀበል እጄ ተንቀጠቀጠ።

ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድሁ፣ የቱ ቢሮ እንደሆነ አልጽፍም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተሰልፌ 5 ሰዓት መስኮቱ ጋ ደረስሁ። ውስጥ ያለው ልጅ፣ የኔን የመጀመሪያ ልጅ የሚያክል፣ ወረቀቱን እንኳ ሳይዘረጋው ስልኩን እያየ «ምንድነው?» አለኝ። ይሄ ገቢዬ አይደለም፣ ደብተር አለኝ፣ የእቃ መግዣ ደረሰኝ አለኝ አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ «አባት፣ ግብር ስትከፍል ድሃ፣ ካሳ ስትቀበል ሀብታም?» አለኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሳቀ። እህቴ፣ የሰደበኝ ነገር እውነት ስላለበት ነው እስካሁን የሚያመኝ። ግን እሱ የዛ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሊሰድበኝ አልነበረም፣ ማስረጃዬን ተቀብሎ መዝገብ ሊሰጠኝ፣ አይሆንም ካለም በጽሁፍ አይሆንም ሊለኝ ነበር። 36 ዓመት በአባቴ፣ 8 ዓመት በራሴ፣ አንድም ሐምሌ ሳናሳልፍ የከፈልን ሰዎች ነን። ወጥቼ ዘንባባው ስር ቆሜ ረጅም ሰዓት ቆየሁ፣ ለሚስቴ መደወል እንኳ አቃተኝ።

ስለዚህ ለአንቺ የምለው፣ ፋይልሽ ላይ ያለውን የገቢ ቁጥር ነገ ሂጂና እይ። ዝቅ ያለ ከሆነ ለሚመጣው ዓመት እውነተኛውን አሳውቂ፣ ግብሩ ይጨምራል፣ አዎ፣ ይጨምር። ቆጠራው ሳይደርስ ከሆነ ምናልባት ይደርስልሻል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በውል ሰፍተሽ ከሆነ ውሉንና የተከፈለሽበትን ሰብስቢ፣ የጨርቅ መግዣ ደረሰኝ፣ የደንበኛ ልኬት የጻፍሽበት ደብተር፣ ሁሉንም። የኔ ደብተር የአባቴ የእጅ ጽሁፍ ጭምር ያለበት ነበር፣ ለገቢው አልጠቀመኝም፣ ለመጋዘኗ ግን ጠቀመኝ።

መጋዘኗን እንዴት እንዳስመለስኋት ደግሞ ልንገርሽ፣ ይሄ የኮራሁበት ነው። ቅሬታ ማቅረቢያው 30 ቀን ነው። ከዛ ስድብ በኋላ ሁለት ሳምንት ቤቴ ተኝቼ አሳለፍሁ፣ ይሄም ስህተት ነበር። ከዛ ጎረቤታችን እትዬ ጠጅ ቤት ያላቸው፣ ከኔ በፊት መንገዱ ላይ የነበሩ እናት፣ ጠርተው «አንተ አባትህ እንዲህ አልነበረም፣ ተነስ» አሉኝ። በማግስቱ 9 ሆነን ተሰበሰብን፣ ጠጅ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ሁለት ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ጫማ ሰሪ፣ ሌሎቹም፣ የዕቁብ ሰዎች ስለሆንን መተማመን አለ። ጸጉር ቤት ያለው ልጅ ኮምፒውተር ይችላል፣ ለየሰዉ ማመልከቻ ጻፈ። የኔ ላይ የኋላዋን ክፍል ፎቶ ከአራት አቅጣጫ አነሳን፣ የአባቴን ደብተር፣ ከቀበሌ የተጻፈ የድሮ የኪራይ ውል «ከነማድቤቱ» የሚል ቃል ያለበት አያያዝን። ያቺ «ከነማድቤቱ» የምትለው ቃል ናት ያዳነችኝ፣ መጋዘኗ ድሮ ማድቤት ነበረች። በ28ኛው ቀን አስገባሁ፣ በሁለት ኮፒ፣ አንዱ ላይ ማህተምና የመዝገብ ቁጥር አስመትቼ ወሰድሁ። ኮፒሽ ላይ ማህተም ሳይመታ ከዛ ቢሮ እንዳትወጪ፣ ካስፈለገም መሬት ላይ ተቀመጪ። እንደገና መጥተው ለኩ፣ 2 ክፍል ተብሎ ተስተካከለ፣ ምትኩም ሰፋ ያለ ሆነ። ከ9ኛችን 6ታችን የሆነ ነገር አስተካክለናል። ዝም ብለው ከጠበቁት ግን አንድም ሰው አላስተካከለም።

ምትክ ቦታን በተመለከተ ቁጥር አልሰጠውም፣ አጎቴ ነው ያስተማረኝ። አዲስ አበባ ጉርድ ሾላ ሱቅ ነበረው። ቀላል ባቡሩ ሲሰራ ሱቁ አልተነካም፣ እድለኛ ነህ ተባለ። መስከረም 2008 ባቡሩ ስራ ጀመረ፣ 39 ጣቢያ ያለው ትልቅ ስራ ነው፣ ህዝብ ተጠቅሟል። ሀዲዱ በመሬት በሚያልፍበት ግን ዳርና ዳሩ ታጥሮ ሰው የሚሻገረው በተወሰነለት ቦታ ብቻ ሆነ። ከማዶ በሁለት እርምጃ ይመጡ የነበሩ ደንበኞቹ ለአንድ ሊትር ዘይት ያን ሁሉ መዞር ተዉት። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዘጋ። የአጎቴ ሱቅ ሳይፈርስ ነው የሞተው። የምትክ ዕጣ ሲወጣልኝ ይሄ ትዝ አለኝና የሰጡኝ ሼድ ጋ ሦስት ቀን፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቆሜ ሰው ቆጠርሁ። ከመንገዱ ወደ ውስጥ የገባ ነው፣ ሳይክል የሚገፋ አንድ ሰው አላለፈም። ጫማ ሰሪው የደረሰው ደግሞ ጠርዝ ላይ ነው፣ እሱ የሚፈልገው ጸጥ ያለ ቦታ ነበር፣ በትዕዛዝ ነው የሚሰራው። በስምምነት ተለዋወጥን፣ ሁለታችንም በጽሁፍ አመልክተን አጸደቁልን። በቃል ብቻ እንዳትለዋወጪ፣ በኋላ ስምሽ ሌላ ቁጥር ላይ ይቀራል።

አሁን ማታ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ልጆች በአዲሱ መስመር ላይ በሳይክል ሲሄዱ አያለሁ፣ የሚበሳባቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። ሳፋዋንም ይዤያት መጥቻለሁ። መንገዱ ያምራል፣ መብራቱም ያምራል፣ እትዬ ግን ጠጅ መጣላቸውን አቁመዋል፣ ምትካቸው ፎቅ ላይ ስለሆነ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም፣ ይሄን ማንም በቅጹ ላይ አልጠየቃቸውም። አንቺም የእግር ስፌት ማሽኖች ካሉሽ ፎቅ እንዳይሰጡሽ ከአሁኑ በማመልከቻሽ ላይ ጻፊው፣ ስንት ማሽን እንዳለሽ፣ ክብደታቸውን፣ መሬት ላይ መሆን እንዳለበት።

በርሽ ላይ ያለውን ቁጥር፣ የኪራይ ውልሽንና የመጨረሻውን የግብር ደረሰኝ ፎቶ አንሺና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ውሉ ላይ እንደ ኔዋ «ከነማድቤቱ» ዓይነት ቃል ካለ አብረን እንፈልጋለን። ጠዋት አልመልስልሽም፣ እጄ ግሪስ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስልኬን አያለሁ።