መልስ፦ ስም የሌላቸውን የወደብ ፎቶዎች አረጋውያን እንዲለዩልን እንዴት እናዘጋጅ?

አረጋውያኑ ተሰብስበው ፎቶ በሚያዩበት ዝግጅት ኦሪጅናሎቹን ጠረጴዛ ላይ አታውጣ። ፎቶዎቹ ላይ ያሉትን የዓሣ አጥማጆች ስም የምትሰበስበው በቅጂ ነው።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ስጥ። ከጀርባው፣ ጠርዙ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ ሳትጫን ጻፈው። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ እርሳስ አይይዝም፤ ያኔ ቁጥሩን የሚቀመጥበት ፖስታ ላይ ጻፍ። እስክሪብቶ በፍጹም! ቀለሙ ወደ ፊት ለፊቱ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ በ600 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት መጠን) ስካን አድርገህ በኤ4 አትም። ዓይኑ የደከመ ሰው ፊት መለየት አለበት። ቅጂው ላይ ሰዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3 እያልክ ቁጥር ጻፍባቸው። «መሃል ያለው አጎቴ ነው» የሚል ማስታወሻ ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግርህም።

ሁለት ሰዎች ለአንድ ፊት የተለያየ ስም ከሰጡ (ይሰጣሉ) አንተ ዳኛ አትሁን። ሁለቱንም ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር መዝግብ። ጀልባዋ ላይ የተጻፈ ስም ወይም ቁጥር ካለ፣ የወደቡ የድሮ መዝገብ ሊያስታርቃቸው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኛ ባዘጋጀነው ዝግጅት ላይ ቅጽ ብቻ አድለን ነበር። ሰው ቅጹን ወዲያ ብሎ እርስ በርሱ ጨዋታ ያዘ፤ ምርጡ ታሪክ እዚያው ተነነ። ስለዚህ በየጠረጴዛው አስፈቅዶ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው አስቀምጥ። ወሬው ወደ ሌላ ፎቶ በዞረ ቁጥር የፎቶውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገር። አለዚያ ቀረጻውን ስትሰማ ስለየትኛው ፎቶ እንደሚያወሩ ግራ ይገባሃል።