ፌስኦፉን ያሸነፈ ሁሉ ጨዋታውን አያሸንፍም

ውድ ልጆቼ፣

ቅዳሜ ቅዳሜ ሽምብጥ ቤቴ በረንዳ ላይ ተሰብስባችሁ የእግር ኳስ ቁጥር ስትተነትኑ ሳይ ደስ ይለኛል። ባለፈው ግን አንዳችሁ «ኳሱን የያዘ ያሸንፋል፤ ቁጥሩ ይናገራል» ብሎ ሲደመድም ዝም አልኩ። መልሱ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ ስላልነበረ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስታቲስቲክስ ሳስተምር የኖርኩት ለዚህች ጥያቄ ስለሆነ እነሆ ጻፍኩላችሁ።

ምሳሌዬ ጣና ዳር ላደገ ልጅ ሩቅ ይመስላል፤ በረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ ነው። የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ግን ቆልማማ ዱላና ሩር ምን እንደሚያደርጉ ያውቃል፤ ከዚያ መነሳት ይቻላል።

ሴት ልጄ ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ትኖራለች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የብርዱን ወራት እሷ ዘንድ ከርሜ ማታ ማታ ከልጅ ልጄ ጋር ሆኪ አይ ነበር። ጨዋታው የሚጀመረውም፣ በተቋረጠ ቁጥር የሚቀጥለውም በፌስኦፍ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ያጎነብሳሉ፤ ዳኛው ፓክ የሚሉትን ጠፍጣፋ ጎማ መሃላቸው ይጥላል፤ ፓኩን ለወገኑ ያስቀረ ፌስኦፉን አሸነፈ ይባላል።

ተጨማሪ ሰዓት ላይ ይህች ቅጽበት ትከብዳለች። በሰሜን አሜሪካው ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2015–16 የውድድር ዘመን ወዲህ በመደበኛው ውድድር አቻ የወጡ ቡድኖች ለ5 ደቂቃ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ፤ ቀድሞ ያገባ አሸናፊ ነው። 61 በ26 ሜትር በሚሆን ሜዳ ላይ ከበረኞቹ ሌላ ስድስት ሰው ብቻ! ፓኩን የያዘ አይቸኩልም። ክፍተት ካጣ ወደ ራሱ ክልል ይመለሳል፤ የደከመበትንም ጨዋታው ሳይቆም ተረጋግቶ ይቀይራል። ፓክ የሌለው ሲያባርር ይዝላል፤ ልቀየር ቢል ጀርባውን ክፍት ይተዋል። ቡድኖቹ ጎን ስለሚለዋወጡ ደግሞ ተከላካዩ ከተቀያሪ ወንበሩ ይርቃል። ስለዚህ ፌስኦፍ ማሸነፍ ዋጋ አለው፤ አላቃልለውም።

ነገር ግን ያው ክፍት ሜዳ ይገለበጣል። አጥቂው የመታው ፓክ ግቡን ይስትና ሜዳውን ከከበበው ግድግዳ ተጋጭቶ ይመለሳል፤ ሦስቱም ወደፊት ሄደዋልና ተጋጣሚው ሁለት ለአንድ ይዞ ይነጉዳል። ፌስኦፉን ያሸነፈው ቡድን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ግብ ይቆጠርበታል። ደብተራችሁ ላይ ያለው «አሸነፈ» እና «ተሸነፈ» ብቻ ከሆነ በመካከል የሆነው ሁሉ ጠፋ ማለት ነው።

እኔም ተሳስቻለሁ። አንዱ ዓምድ ላይ የተጨማሪ ሰዓቱን የመክፈቻ ፌስኦፍ ማን እንዳሸነፈ፣ ሌላው ላይ ማን እንደረታ እጽፍ ነበር። ብዙ ቆይቼ ሳስተውል፣ በመለያ ምት የተወሰኑትንም ጨዋታዎች አብሬ ቆጥሬያለሁ። 5ቱ ደቂቃ ያለ ግብ ሲያልቅ ተጫዋቾች በየተራ ብቻቸውን በረኛውን ይገጥማሉ፤ እዚያ ፌስኦፍ የሚባል ነገር የለም። እጁ ለሌለበት ድል ምስጋናውን ለፌስኦፉ ሰጥቼው ነበር። ከልቤ አዘንኩ፤ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ያስጠነቀቅኩት ስህተት ነውና። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና ሠራሁት።

ሌላም አለ። በተጨማሪ ሰዓት ግብ የተገኘባቸው 20 ጨዋታዎች አገኛችሁ እንበል፤ በ12ቱ የመክፈቻውን ፌስኦፍ ያሸነፈው ረታ። ያጓጓል አይደል? ሳንቲም 20 ጊዜ ብትወረውሩ ግን ዘውዱ 12 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ ከ4 አንድ ያህል ነው። ከዕድል የማይለይ ቁጥር ይዛችሁ አሠልጣኝ ፊት እንዳትቆሙ አደራ።

ቦታውም ይለያል። በረኛው ፓኩን አፍኖ ሲይዝ ቀጣዩ ፌስኦፍ እዚያው ግቡ አጠገብ ነው፤ አጥቂው ካሸነፈ ወዲያው መምታት ይችላል። የሜዳው መሃል ላይ ያለው ድል ግን ገና የመንገድ መጀመሪያ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መደመር ከጣና የወጣን ቀረሶና አምባዛ በአንድ ዋጋ እንደመሸጥ ነው።

በጥሎ ማለፉ ደግሞ አምስት ለአምስት ሆነው፣ 20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ እየደጋገሙ፣ ግብ እስኪገባ ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዲትሮይትና ሞንትሪያል ማሩንስ የተባሉ ቡድኖች ከመደበኛው ሰዓት በላይ 116 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ተጫውተዋል። የዚያን ሌሊት ውጤት ከመክፈቻው ፌስኦፍ ጋር የሚያያይዝ ሰው ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?

ልጅ ልጄ የተቀዱ ጨዋታዎች ልኮልኛል። ቅዳሜ ስትመጡ እርሳስና ደብተር ያዙ። እያንዳንዱ ፌስኦፍ የት እንደተጣለ፣ ያሸነፈው ፓኩን ስንት ሰከንድ እንዳቆየና እንዴት እንዳጣው እንጽፋለን። የውጤቱን ዓምድ ለጊዜው ባዶ ተዉልኝ፤ እሱን እኔ በመጨረሻ እነግራችኋለሁ።