«ኢፌመራል» ሦስቴ ለጠፋባት እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ኢፌመራል የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አጠናሁት፣ ሦስቴም ጠፋብኝ። ለፈተና አንድ ወር ቀርቶኛል፤ እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት?» ብለሻል። ይቺ የእንግሊዝኛ ቃል (ephemeral) እኔንም አዋርዳኛለችና ከዚያው ልጀምር።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ማታውን ከአንድ የቃላት ዝርዝር ላይ በ«ኢ» ፊደል የሚጀምሩትን ሸምድጄ ነበር። ጣጣው «ኢንዱሪንግ» እና «ኢፌመራል» አንድ ገጽ ላይ መሆናቸው ነው። አንዷ ጸንቶ የሚኖር፣ ሌላዋ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ። ተምታቱብኝ። «ለሥራ ያለኝ ፍቅር ኢፌመራል ነው» ብዬ በኩራት ጻፍኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ ሰውዬው ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለና «ታዲያ ስንት ቀን ልትቆይ አስበህ ነው?» አለኝ። ሥራውን አላገኘሁም።

ስለዚህ በፊደል ተራ ደርድረሽ አታጥኚ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ቃል መፈለጊያ ነው። የሚመሳሰሉ ቃላት አብረው ሲገቡ ራስሽ ውስጥ ይጣላሉ።

ሌላው ትርጉሟ ነው። ብዙ ቦታ «ጊዜያዊ» ይሏታል። አልተሳሳቱም፣ ግን አይበቃም። ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ጊዜያዊ መታወቂያ እንላለን፤ እነዚህ «ቴምፖራሪ» ናቸው። ኢፌመራል ለጠዋት ጤዛ፣ ለቀስተ ደመና፣ ለሁለት ሳምንት ዝና ነው የምትሆነው። ከአማርኛ «አላፊ ጠፊ» ይቀርባታል። ስትጠሪያት «ፌ» ላይ ጠንከር በይ።

ለኔ ቃሏን የተከለልኝ የቡና አበባ ነው። አባቴ አጋሮ አካባቢ ትንሽ የቡና ማሳ አለው። ከበጋው ድርቀት በኋላ፣ የካቲት ገደማ ዝናብ ጣል ካደረገ፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ቡናው ባንድ ጠዋት ነጭ ለብሶ ታገኚዋለሽ። ሽታው ገና ከመንገድ ይቀበልሻል። ንቡ ይተራመሳል። ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ጠውልጎ ይረግፋል። ያን ዓመት ሥራ ሳጣ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። አባቴ በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀለ «ተነስ፣ ዛሬ ካላየኸው ነገ የለም» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ዛፉ ሥር ቆሜ ሳላስባት መጣችልኝ፦ ኢፌመራል! ፍሬው ግን እስኪቀላ ስምንት ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ እሱን ኢፌመራል ብትዪው ለቃሚዎቹ ይስቁብሻል።

በኋላ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ሥሯ ግሪክኛ ሆኖ አገኘሁት። «ኤፒ» ላይ፣ «ሄመራ» ቀን። የአንድ ቀን ነገር። «ኤፌመሮፕቴራ» የሚባሉ ነፍሳትም አሉ፤ ውኃ ውስጥ ወራት አድገው ክንፍ ካወጡ በኋላ ብዙዎቹ አንድ ቀን ቢኖሩ ነው። ሥር መቆፈር ሁልጊዜ አያዋጣም፣ እዚህ ግን አዋጣኝ።

በመርሳትሽ ደግሞ አትፈሪ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን ራሱ እያጠና፣ ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት ለክቶ በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። አብዛኛው ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነበር የሚተነው። ባንድ ጊዜ ከመውቀጥ ይልቅ በቀናት ከፋፍሎ መድገም እንደሚሻልም አይቷል። እኔ በዚያው ማታ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ራሴን እጠይቃለሁ። ዝም ብዬ ባነብማ የማውቃት ይመስለኛል፤ ስጠየቅ ነው ጉዴ የሚወጣው።

አሠራሬ ቀላል ነው። በቁራጭ ወረቀት አንድ ፊት ላይ ቃሏን እጽፋለሁ፣ በጀርባው አበባውን እስላለሁ (ሥዕሌ የዶሮ እግር ነው፣ ግድ የለም)። ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ትገባለች። እዚሁ ጅማ መርካቶ ጋ ወደ ጅሬን የሚሄድ ባጃጅ ስጠብቅ ሥዕሉን አይቼ ቃሏን ከነፊደሏ እጠራለሁ። ስልክ ላይ «አንኪ» የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ ይሠራልሻል። እኔ ስልክ ከያዝኩ ግን ራሴን የማገኘው ቲክቶክ ውስጥ ነው።

የኔን አበባ እንዳለ አትውሰጂው። ካንቺ ሰፈር ታይቶ ቶሎ የሚጠፋ ነገር ፈልጊና አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርተሽ እዚሁ ጻፊልን። ከሳምንት በኋላ መጥቼ እጠይቅሻለሁ፤ ወረቀትሽን ገልብጠሽ መልሺ።