የቀረጽከው ጌም ካሬ ካሬ የሚሆነው የቱ ጋ ነው?

ጥያቄህን አየሁት፣ ወንድሜ። ስትጫወት ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ ነው። ቀርጸህ ስታየው ግን ሳር ውስጥ መሮጥ ስትጀምር ወይም ዝናብ ሲመጣ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፤ ቆም ስትል ይጠራል። ኦቢኤስ (ስክሪን መቅረጫው ፕሮግራም) ላይ 1080ፒ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል)፣ ቢትሬት (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የዳታ መጠን) 6000 አድርገሃል። «ታዲያ ምን ጎደለ?» ነው ያልከው።

ከእኔ በፊት የመለሱልህ ብዙዎቹ «ቢትሬት ጨምር» ብለውሃል። ልክ ናቸው፤ ግን የቱ ላይ? አንድ የጌም ቪዲዮ ተመልካች ጋ እስኪደርስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጨመቃል። ስትቀርጸው፣ ኤዲት አድርገህ ስታወጣው (ኤክስፖርት ስታደርገው)፣ በመጨረሻ ደግሞ ዩቲዩብ ራሱ ይጨምቀዋል። የተበላሸው ሦስተኛው ላይ ከሆነ ኦቢኤስን ስትነካካ ብትውል ጠብ የሚል ነገር የለም።

ስለዚህ ምንም ሳትነካ ከኦቢኤስ የወጣውን ፋይል እንዳለ በቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻ ነው) ክፈተው። ሙሉ ስክሪን አድርገህ ሳሩ ውስጥ የምትሮጥበት ቦታ ላይ አቁመው። እዚያው ከተበላሸ ችግሩ ቀረጻው ነው። ንጹሕ ከሆነ ኤክስፖርት ያደረግከውን ፋይል ያው ሰከንድ ላይ አቁመህ አስተያየው። የኤዲተሩን ፕሪቪው ግን እንዳታምን። አብዛኛው ኤዲተር እንዳይንቀራፈፍ ብሎ ጥራቱን ቀንሶ ነው የሚያሳይህ። ፋይሉ ደህና ሆኖ በፕሪቪው ምክንያት ብቻ ሴቲንጉን ሲያተራምስ የከረመ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

አንተ ጋ ግን የእኔ ግምት ቀረጻው ላይ ነው። 6000 ያልከው ቁጥር ነው ያስጠረጠረኝ። እስቲ እናስላው። በሰከንድ 6000 ኪሎቢት ለ60 ፍሬም ሲካፈል ለአንድ ፍሬም 100 ኪሎቢት ይደርሰዋል፤ 12.5 ኪሎባይት ማለት ነው። ኤች 264 (የተለመደው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) ደግሞ ምስሉን 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ብሎኮች ከፋፍሎ ነው የሚሠራው። 1080ፒ ላይ 8,160 ብሎክ አለ። ለአንዱ ብሎክ በአማካይ 12 ቢት ገደማ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ በውስጡ ደግሞ 256 ፒክስል አለ! ግድግዳ ፊት ቆመህ ከሆነ ይበቃል፤ ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል) «ካለፈው ፍሬም ጋር አንድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሳር፣ ዝናብ፣ ጭስ፣ የሚበታተን ፍንጣሪ ሲመጣ ግን ካለፈው ፍሬም የሚገለብጠው ነገር ያጣል። ያኔ ዝርዝሩን እየጣለ ይሄዳል። የምታያቸው ካሬዎች እነዚያው ብሎኮች ናቸው። የኮምፒውተርህ ጥንካሬ እዚህ ጋ አያድንህም።

6000 የላይቭ ስትሪም ቁጥር ነው። ትዊች ለ1080ፒ 60 ፍሬም ሲመክረው የኖረው እሱን ነው። ወደ ዲስክህ ስትቀርጽ ግን የኢንተርኔት ገደብ የለብህም። ኦቢኤስ ውስጥ አውትፑት ግባና ሞዱን አድቫንስድ አድርገው። ሬኮርዲንግ የሚለው ታብ ላይ ኢንኮደሩ ከስትሪሙ ጋር አንድ እንዲሆን ተደርጎ ከሆነ ለይተህ የግራፊክስ ካርድህን ኢንኮደር ምረጥ። ኤንቪዲያ ከሆነ ኤንቬንክ ነው። ከዚያ ሬት ኮንትሮሉን (ቢትሬቱ የሚመደብበትን መንገድ) ከሲቢአር ወደ ሲኪውፒ ቀይረው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። ሲቢአር ሜኑ ላይ ቆመህም ጦርነት መሀል ብትሆንም ያንኑ በጀት ነው የሚሰጥህ። ሲኪውፒ ግን ጥራቱን ይዞ ቢትሬቱን እንደ ትዕይንቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

የሲኪውፒ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። ከ18 እስከ 22 ባለው ውስጥ ሞክር፤ እኔ 20 ላይ ነው የምተወው። በግምት 6 ቁጥር በቀነስክ ቁጥር የፋይሉ መጠን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ለጥራት ብዬ» 10 እንዳታደርገው፤ ዓይንህ ልዩነቱን አያየውም፣ ዲስክህ ግን ያየዋል። በአማካይ በሰከንድ 40 ሜጋቢት ቢሄድ እንኳ በሰዓት 18 ጊጋባይት ነው። ቦታ ከጠበበህና ካርድህ የሚችል ከሆነ በኤች 264 ፈንታ ኤችኢቪሲ ወይም ኤቪ1 የሚባሉትን መጭመቂያዎች ተጠቀም። በትንሽ ቦታ የተሻለ ይይዛሉ። ኤቪ1 መቅረጽ የሚችሉት ግን እንደ አርቲኤክስ 40፣ አርኤክስ 7000 እና ኢንቴል አርክ ያሉት አዳዲሶቹ ካርዶች ናቸው። ኤዲተርህ መክፈቱንም ቀድመህ አረጋግጥ።

እግረ መንገድህን ቪዲዮ የሚለው ታብ ላይ ቤዝ (የስክሪኑ) እና አውትፑት (የሚቀረጸው ፋይል) ሪዞሉሽን አንድ መሆናቸውን እይ። ቤዙ 1080 ሆኖ አውትፑቱ 720 ከሆነ ቢትሬት የፈለግከውን ያህል ብትጨምር ድብዝዝ ማለቱ አይቀርም። ጌሙ ውስጥ ደግሞ ፊልም ግሬይን የሚል ካለ አጥፋው። በየፍሬሙ የሚለዋወጥ ነጠብጣብ ስለሆነ ቢትህን በከንቱ ይበላዋል።

ቀይ ጽሑፍ ወይም ቀይ የጤና መስመር ብቻ ጠርዙ የሚዝረከረክ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ቪዲዮ የሚቀረጸው 4:2:0 በሚባለው አሠራር ነው። ብርሃኑን በሙሉ ሪዞሉሽን ይይዝና ቀለሙን በሩብ ብቻ ያስቀምጣል። ቢትሬት መጨመር ይህን አይፈታውም። ስክሪንህና ካርድህ ከቻሉ በ1440ፒ መጫወትና መቅረጽ ይቀንሰዋል።

ኤክስፖርቱ ላይ ብዙ የሚወራ የለም። ዩቲዩብ ለ1080ፒ 60 ፍሬም በሰከንድ 12 ሜጋቢት ይመክራል፤ እኔ እንደ ዝቅተኛ ነው የማየው። ለጌም 30 እና ከዚያ በላይ አድርግለት። ዩቲዩብ መልሶ ስለሚጨምቀው የምትሰጠው ነገር ንጹሕ ይሁን።

ሁሉም ደህና ሆኖ ዩቲዩብ ላይ ብቻ ከተበላሸ በመጀመሪያ ታገስ። እንደተጫነ የሚታየው ዝቅተኛው ጥራት ነው፤ ከፍተኛው ቆይቶ ነው የሚመጣው። ቆይቶም ካልተሻለው 1080ፒ ቪዲዮህን ኤክስፖርት ስታደርግ ወደ 1440ፒ አሳድገው። አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ግን ዩቲዩብ ለ1440ፒ የተሻለ ቢትሬት ይሰጣል። ብልሃቱ ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ቴሌግራም ላይ ለጓደኛ የምትልከው ከሆነም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ።

የተበላሸውን የድሮ ቀረጻ ማዳን ይቻላል ወይ ላልከው፦ የተጣለው ዝርዝር አይመለስም። ሻርፕ ማድረግ የብሎኮቹን ጠርዝ ያጎላል፤ አትሞክረው። ዲብሎክ የሚባል ፊልተር በትንሹ ብታደርግበት ካሬዎቹ ይለሳለሳሉ። በኤአይ የሚያሳድጉት ሶፍትዌሮች ደግሞ ሳሩን ፕላስቲክ ያስመስሉታል፤ እኔ አልወድላቸውም። ያ ቀረጻ የግድ ካስፈለገህ ሙሉ ስክሪን አታድርገው፤ ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን አስገባው። ደግመህ መጫወት የምትችለው ክፍል ከሆነ ግን በአዲሱ ሴቲንግ ደግመህ ቅረጸው፤ መጀመሪያ ያንኑ ሳር ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ሩጥና ሞክረው።