ሂተር ኮር ይቀየር ለተባልሽው እህት

እህቴ፣ እንኳን ወደ ሚኒያፖሊስ በሰላም መጣሽ። ጥያቄሽን አየሁት። ቶዮታ ካምሪሽ ስትነጂው ይሞቃል፣ መብራት ላይ ስትቆሚ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ ጋራዡ ደግሞ ሂተር ኮር (ከዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው፣ መኪናውን የሚያሞቀው ትንሽ ራዲያተር) ይቀየር ብሎሻል። እባክሽ ገና እሺ አትበያቸው። የኔም ካምሪ ልክ እንደዚሁ ሆኖ ነበር፣ 1,400 ዶላር በልተውኛል።

1. መጀመሪያ ኩላንቱን፣ ማለት የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ እዪ። ማለዳ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮፈኑን ክፈቺና የኩላንት ማጠራቀሚያው ላይ ያለውን የልክ መስመር ተመልከቺ። የሚያሞቅሽ ሞተሩ ያጋለው ኩላንት ነው። ከጎደለ ወይም አየር ከገባበት፣ ቆመሽ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር እስከ ሂተር ኮሩ በደንብ አይደርስም። ነዳጅ ስትሰጪው ኩላንቱን የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ በኃይል ይገፋዋል፣ ያኔ ይሞቃል። ያንቺ ምልክት ይሄ ነው። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ፣ ፊት ያቃጥላል። ደግሞ አዲስ አበባ እንደለመድነው የቧንቧ ውሃ እንዳትሞዪበት። እዚህ ውሃው በረዶ ሆኖ ሞተር ይሰነጥቃል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ግን እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ይችላል።

2. ኩላንቱ ጎድሎ ካገኘሽው የት እንደሄደ ሳይነግሩሽ ምንም እንዳታስቀይሪ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። የጋራዡ ሰውዬ ኮፈኑን እንኳ በወጉ ሳያይ ኮምፒውተር ሰክቶ “ሂተር ኮር ነው” አለኝ። ዳሽቦርዱን በሙሉ አወረዱት። ሲመልሱልኝ መኪናው እንደ ምድጃ ይሞቅ ነበር፣ አመስግኜ ሄድኩ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ቀዘቀዘ። ለካ የሞቀው አዲስ ኩላንት ስለሞሉበት ነው! ስመለስ ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል “የቀየርነው ዕቃ ደህና ነው፣ ይሄ ሌላ ችግር ነው፣ ለምርመራ እንደገና ትከፍላለህ” አለኝ። ልጆቼ ከኋላ ጃኬታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አሮጌውን ዕቃ አሳዩኝ ብል “ተጥሏል” አሉ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሴንት ፖል ያለ አንድ ሐበሻ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። የእጅ ባትሪ አብርቶ ከሥር ገባና ጠራኝ። ከውሃ ፓምፑ ሥር ሮዝ ቀለም ያለው የደረቀ ቅርፊት፣ ልክ እንደ ጨው ተጋግሮ አሳየኝ። የቶዮታ ኩላንት ሮዝ ነው፤ ሲንጠባጠብና ሲደርቅ እንዲህ ይሆናል። ፓምፑን ቀየረው፣ አየሩን አስወጣው፣ አለቀ። ሂተር ኮሩ ምንም አልነበረበትም ማለት ነው።

ሂተር ኮር በእውነት ሲበላሽ ራሱ ይናገራል። ካፈሰሰ መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል፣ መስታወቱ በጉም ይሸፈናል፣ በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ይረጥባል። ከተደፈነ ደግሞ ወደሱ ከሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች አንዱ ግሎ ሌላው ለብ ያለ ይሆናል። ጓንት አድርገሽ፣ ከሚሽከረከር ነገር እጅሽን አርቀሽ መንካት ነው። እኔ አሁን የሰንበት ቅዳሴ ሲያልቅ ፓርኪንጉ ላይ የስንቱን መኪና ነክቼ አይቻለሁ፣ ብዙ ሰው ከወጪ አድኛለሁ።

የሞተሩ የሙቀት መርፌ መሃል ካልደረሰ ግን ቴርሞስታቱን፣ ማለት ኩላንቱን እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ጠርጥሪ። እሱ ርካሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግርሽም። በሚኒሶታ ሕግ ከ100 ዶላር በላይ ለሆነ ጥገና የጽሑፍ ግምት የመጠየቅ መብት አለሽ። ከሰጡሽ በኋላ ያላንቺ ፈቃድ በግምቱ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ጨምረው ሊያስከፍሉሽ አይችሉም። የሚወጣውን አሮጌ ዕቃም “ትሰጡኛላችሁ” ብለሽ ሥራው ሳይጀመር ወረቀቱ ላይ አስጽፊ። ፊታቸውን ቢያጠቁሩም አስጽፊ።

ከመስቀል በፊት ጨርሺው። ጥቅምት ከገባ ጋራዡ ሁሉ ይጨናነቃል፣ ቀጠሮም አታገኚም። የሰጡሽን ግምት ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ ስምሽንና ታርጋሽን ሸፍኚ። ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ።