ሾትገንህ ላይ ምንም ከመስቀልህ በፊት ሰደፉን ለካ

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው ያየሁት። «ሞስበርግ 590 ገዛሁ፣ እጄ ላይ 400 ዶላር አለ፣ መጀመሪያ ምን ልግጠምበት?» ነው ያልከው። ለማያውቅ፣ 590 ከአፈሙዙ ሥር ያለውን መያዣ (ፓምፑን) ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳቡ የሚያጎርሱት ሾትገን ነው። ከሥር ወንድሞች የለጠፏቸውን ፎቶዎችም አንድ በአንድ አየኋቸው። በእውነት ያምራሉ። ባትሪው፣ ቀይ ነጥብ የሚባለው ማነጣጠሪያ፣ የጎን ዝናሩ፣ የሽጉጥ እጀታው፣ አፈሙዙ ላይ ጥርስ ያለው ብረት፣ ሁሉም አለ። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ አድርጌዋለሁ። አብዛኛውን መልሼ ፈታሁት። አሁን ቤቴ ያለው 590 ላይ የቀረው ትንሽ ነገር ነው። የቀረውን እና ለምን እንደቀረ ልንገርህ።

መጀመሪያ ሰደፉን ቀይር። ባትሪ አላልኩም፣ ቀይ ነጥብም አላልኩም። ሰደፉን።

ብዙዎቹ ሾትገኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ወደ 14 ኢንች ይጠጋሉ። ቁመተ ረጅም ለሆነ ሰው ይስማማል። እኔ 1 ሜትር ከ68 ነኝ። ሰደፉ ስለሚረዝምብኝ የትከሻዬ ጉድጓድ ውስጥ አይቀመጥም ነበር። ወደ ክንዴ ይንሸራተታል። ሾትገን ደግሞ ይራገጣል። የመጀመሪያ ቀን ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ሄጄ 25 ጥይት ተኮስኩ፣ ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ የላይኛው ክንዴ ወይን ጠጅ ሆኗል። ባለቤቴ አንዴ ብቻ ተኩሳ «በቃኝ» ብላ መለሰችልኝ። ጥፋቱ የእሷ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ ግን የሰደፉ ርዝመት ነበር።

በኋላ ማግፑል ኤስጂኤ የሚባለውን ሰደፍ አስገባሁበት። ከኋላው የሚገቡ የሚወጡ ፕላስቲኮች አሉት። ርዝመቱን ከ12 ኢንች ተኩል እስከ 14 ኢንች ተኩል ታስተካክለዋለህ። ለባለቤቴ ሁሉንም ፕላስቲክ አወጣሁላት። በዚያው ቀን 15 ጥይት ተኮሰች፣ ያውም እየሳቀች። እኔም በዚያው ልክ እተኩሳለሁ፣ ምንም አልጎደለብኝም። ለአንተ የሚበቃህን ለማወቅ ክንድህን በ90 ዲግሪ እጠፍና ሰደፉን የክርንህ መታጠፊያ ላይ አስቀምጠው። ጣትህ ምላጩ ላይ ተመቻችቶ ካልደረሰ ረዝሞብሃል። ይሄ ግምት ነው እንጂ የመጨረሻው ልክ አይደለም። ወፍራም ጃኬት ስትለብስ ደግሞ ሌላ ግማሽ ኢንች ይጨመርብሃል።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ምንሽር ነበራቸው። ሰደፉ ላይ የብር ቀለበት አስለብጠውበት ነበር። ጠመንጃ ማስጌጥ ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ለዚህ ነው ፎቶዎቹን ሳይ ደስ የሚለኝ። ግን አባቴ እንደነገረኝ እሳቸው ከብሩ በፊት ሰደፉን በራሳቸው ልክ አስጠርበውት ነበር።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። ይሄን ለውበት ብለህ አትግጠመው። ሌሊት ኮሽታ ሲሰማ ኮሪደሩ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ሳታይ ጣትህ ምላጭ ላይ መሄድ የለበትም። የኔ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። አንዳንዴ ከኳስ አምሽቶ በጓሮ በር ይገባል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። እኔ ያለኝ የፓምፑ መያዣ ውስጥ አብሮ የተሠራ ነው፣ ስትሪምላይት ቲኤል ራከር ይባላል። በጎን የሚታሰር ባትሪም ይሠራል፣ ግን ከማብሪያው ሽቦ ጋር መታገል አለ። ከማዘዝህ በፊት አንድ ነገር ለካ፦ የሞስበርግ ፓምፕ የሚያርፍበት ቱቦ ሁለት ዓይነት ርዝመት አለው፣ 6 ኢንች ከሦስት ሩብ እና 7 ኢንች ከሦስት ሩብ። ሁሉም መያዣ ለሁለቱም አይሆንም። ሳይለኩ አዝዘው የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። የባትሪ ድንጋዩንም በየስድስት ወሩ ቀይር።

አሁን ወደ ጎን ዝናሩ ልምጣ፣ እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተቃጥያለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት የብረት ነበር። ስድስት ጥይት ይይዛል፣ በብሎን ከጠመንጃው አካል ጋር ይታሰራል። ጠንካራ እንዲሆን ብዬ በደንብ አጠበቅኩት። ቤት ውስጥ ባዶውን ስስበው ትንሽ ከበድ አለኝ፣ «አዲስ ስለሆነ ነው» ብዬ ተውኩት። ሬንጅ ላይ ሦስተኛውን ጥይት ተኩሼ ፓምፑን ብስበው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም እምቢ አለ። ብሎኑ የብረቱን ግድግዳ ወደ ውስጥ ጨምቆት ኖሯል። ግማሽ ዙር ብቻ ብፈታው እንደ ቅቤ መሄድ ጀመረ። ሌላው ታዋቂ ፓምፕ ሾትገን፣ ሬሚንግተን 870 ላይም ይሄው ነገር በደንብ ይታወቃል። ያን ቀን ከካርቶን ኢላማ ጋር ነበርኩ። ቤቴ ውስጥ ቢሆን ብዬ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ስለዚህ አሁን የምጠቀመው በቬልክሮ የሚለጠፍ የጨርቅ ዝናር ነው። ብሎን የለውም። ሲያረጅ ነቅለህ አዲስ ትለጥፋለህ። አራት ጥይት ብቻ አደርግበታለሁ። ስድስት ጥይት ሩብ ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ እሱም በአንድ ጎን ብቻ። ክብደቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጠመንጃውን ለሁለት ደቂቃ ትከሻህ ላይ ይዘህ ቁም፣ ያኔ ታውቀዋለህ።

የሽጉጥ እጀታውን በተመለከተ፣ ለሞስበርግ አልመክርህም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሞስበርግ ሴፍቲ (እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ቁልፍ) ከላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ነው ያለው። በቀጥተኛ ሰደፍ አውራ ጣትህ እዚያው ነው፣ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። ግራኝ ብትሆንም ያው ነው። የሽጉጥ እጀታ ስትገጥምበት ግን እጅህ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሴፍቲውን ለመንካት እጀታውን መልቀቅ ሊኖርብህ ነው። የሞስበርግን ትልቁን ጥቅም ራስህ አጠፋኸው ማለት ነው። ሬሚንግተን ላይ ሴፍቲው ከምላጩ ኋላ ስለሆነ ችግሩ ያንሳል።

ቀይ ነጥብ ጥሩ ነው፣ ይቆይ። የ590 አካል ከላይ ለመግጠሚያ ተበስቶ ነው የሚመጣው፣ በፈለግክ ጊዜ ታደርገዋለህ። ማንገቻም ግዛ፣ ውድ መሆን የለበትም። ጥርስ ያለውን የአፈሙዝ ብረት ተወው። «ቤኔሊ ካልሆነ አይሆንም» ያለው ወንድማችን፣ የቤኔሊ ኤም 4 ሾትገን ግሩም መሣሪያ መሆኑን አልክድም፣ የአሜሪካ ማሪኖች እ.ኤ.አ. በ1999 የመረጡት ነው። ግን ዋጋው የአንተን አራት እጥፍ ገደማ ነው፣ አንተ ደግሞ የጠየቅከው ስላለህ ነገር ነው።

ሰደፉና ባትሪው ከ400ው ውስጥ ይገባሉ። የሚተርፈውን ጥይት ግዛበት። ሰው ይሄን ይዘለዋል። የሾትገን ጥይት ውስጡ ብዙ ፍሬ አለው፤ የአንድ ዓይነት ጥይት ፍሬ በአንዱ ጠመንጃ ይሰበሰባል፣ በሌላው ይበተናል። የአንተ አፈሙዝ የቱን እንደሚወድ የምታውቀው ወረቀት ላይ ተኩሰህ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ደብል ኦ ባክ (ትልልቅ ፍሬ ያለው ጥይት) ግዛ። ቤትህ ውስጥ ያለውን ረጅሙን ርቀት በእርምጃ ለካ፣ በዚያው ርቀት ለእያንዳንዱ አዲስ ወረቀት እየሰቀልክ ተኩስ። የፌደራል ፍላይትኮንትሮል የሚባለው እኔ ጋ በ7 ሜትር ላይ ሥርጭቱ ከቡጢ አይበልጥም። ርካሹ ጥይት በዚያው ርቀት ሰሃን አክሎ ነበር። የሳተች አንዲት ፍሬ የት እንደምትሄድ አስብ። ደብል ኦ ባክ እዚህ አሜሪካ ያሉ ቤቶች የውስጥ ግድግዳ ላይ አይቆምም፣ ያልፋል። አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ውስጥ ስኖር ከግድግዳው ማዶ ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ስለ ሾክዌቭ፣ የትከሻ ሰደፍ ስለሌለው አጭሩ ሞስበርግ፣ የጠየቀችው እህታችንም ትስማ። አፈሙዙ 14 ኢንች ገደማ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው የትከሻ ሰደፍ ኖሮት ስለማያውቅ ነው። እሱ ላይ ሰደፍ ከተገጠመ ግን እ.ኤ.አ. የ1934ቱ የፌደራል ሕግ ውስጥ ይገባል። ያ ሕግ ከ18 ኢንች ያነሰ አፈሙዝ ወይም ከ26 ኢንች ያነሰ ጠቅላላ ርዝመት ያለው ሾትገን አስቀድሞ እንዲፈቀድና እንዲመዘገብ ያዛል። ሳይፈቀድ ማድረግ የፌደራል ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ በጦር መሣሪያ ወንጀል መፈረድ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያሉ ወንድሞች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጠመንጃ መያዝም አይፈቀድላቸውም፣ የጓደኛም ቢሆን። የየስቴቱ ሕግም ይለያያል፣ ከማዘዝህ በፊት የራስህን እይ።

ሰደፉን ስትቀይር መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህ እይ፣ ጥይት የሚቀመጥበት ቱቦ ውስጥም በጣትህ ነካ አድርግ። ከኋላ ያለው ጎማ በሁለት ብሎን ነው የተያዘው። እነሱን ስትፈታ ጥልቅ ቀዳዳ ታያለህ፣ ሰደፉን የያዘው ትልቁ ብሎን እዚያ መጨረሻ ላይ ነው። ረጅም ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያስፈልግሃል፣ የተለመደው አጭሩ አይደርስም። ዙሪያውን ትንሽ ቴፕ ጠቅልልበት፣ ሰደፉን አይፍቀውም። አዲሱ ሰደፍ ከራሱ ብሎን ጋር ነው የሚመጣው፣ አሮጌውን ግን አትጣለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ፣ አንድ ቦታ ላይ እምቢ ካለህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።